አዳራሹን ስጡን፣ ፊልሙን ተዉልን

ይድረስ ለከተማችን የባህል ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለነዋሪዎች የበጎ አድራጎት የፊልም ፌስቲቫል ከተሰጠው የአዳራሽ ፈቃድ ጋር ስለተያያዙት ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች

የተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፣

ደብዳቤዎ ደርሶናል። አዳራሹን ለሦስት ቀን ያለ ኪራይ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ከወጪያችን ሁሉ ትልቁ የአዳራሽ ኪራይ ነው፤ እሱ ከቀረልን ለተረጂዎች የሚደርሰው ገንዘብ በዚያው ልክ ይጨምራል። ነገር ግን ከፈቃዱ ሥር በተራ ቁጥር የሰፈሩት ሦስት ነጥቦች ኮሚቴያችንን ሁለት ምሽት ሙሉ ሲያከራክሩ አመሹ። አንደኛው ነጥብ የሚታዩት ፊልሞች በሙሉ «አስተማሪና ከበጎ አድራጎቱ ዓላማ ጋር የተያያዙ» እንዲሆኑ፣ ዝርዝራቸውም አስቀድሞ በቢሮው እንዲጸድቅ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ቢሮው አዳራሹን ለራሱ ስብሰባ ከፈለገው የእኛ ቀን ወደ ሌላ ቀን እንደሚዛወር ያስታውቃል። ሦስተኛው፣ በመዝጊያው ምሽት ተረጂዎች መድረክ ላይ ወጥተው ድጋፉን ከክብር እንግዶች እጅ እንዲረከቡ ያዝዛል። ቢሮዎ መጥቼ በቃል ላስረዳዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። እናም በአደባባይ ልጽፍልዎት ወሰንኩ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ከሦስቱ ቀላል የሚመስለው እሱ ነው።

«ሰዉ ቅዳሜ ቢቀርበት እሑድ ይመጣል፣ ምን ችግር አለው?» ይባል ይሆናል። ለምርቃት ወይም ለስብሰባ ከሆነ እውነት ነው። ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ለአዳራሽ የሚመጣ ፊልም እንደ ድሮው በቆርቆሮ የታሸገ ጥቅልል መሆኑ ቀርቷል፤ በአብዛኛው ዲሲፒ በሚባል ዲጂታል ቅጂ፣ በሃርድ ዲስክ ነው የሚላከው። ባለመብቱ እንዳይሰረቅበት ፊልሙን ይቆልፈዋል፤ መክፈቻውን ደግሞ ኬዲኤም በሚባል ትንሽ ፋይል ለብቻው ይልካል። ይህ ቁልፍ የሚከፍተው ስሙ የተመዘገበውን ማጫወቻ ብቻ ነው። ከስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ውስጡ ተጽፏል። ሰዓቱ ካለፈ ሃርድ ዲስኩ ከጡብ አይሻልም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሌላ አዳራሽ፣ የቅዳሜ ምሽታችን «አስቸኳይ ስብሰባ አለ» ተብሎ ወደ እሑድ ተገፋ። ለሰዉ ሁሉ ደወልን፤ ፖስተሩ ላይ አዲስ ቀን ለጠፍን፤ ወንበር የሚደረድሩትን ልጆች አሳወቅን። ቁልፉን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። እሑድ ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ፕሮጀክተሩ ላይ የቆመው በጎ ፈቃደኛችን ማስጀመሪያውን ሲጫን ማጫወቻው ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ደግሞ ተጫነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጫን አጠገቡ ቆሜ ነበርና የአንገቱ ላብ ትዝ ይለኛል። ቁልፉ የሚሠራው እስከ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ነበር። ሌላ እንዲላክልን ብንደውልም የአከፋፋዩ ቢሮ እሑድ ዝግ ነው። ለአርባ ደቂቃ ያህል ባዶ ስክሪን ካሳየን በኋላ፣ ከአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ያገኘናቸውን አጫጭር ፊልሞች ባለቤቶቻቸውን በስልክ አስፈቅደን አሳየን። ገንዘባቸው እንዲመለስ የጠየቁ ጥቂት ነበሩ፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰዉ ጨዋ ነው። ፊልሙን ያለ ክፍያ ለሰጠችን ዳይሬክተር ግን «ሥራሽን አላሳየነውም» ብለን መጻፍ ነበረብን፤ ያንን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቀኑ አንዴ ከተሰጠን እንዳይነካ እንለምናለን። ስብሰባ የሚጠራው ሰው ቀኑን መለወጥ ይችላል፤ እኛ አንችልም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ፤ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። «አስተማሪ» የሚለው ቃል ክፉ ቃል አይደለም። ግን ይህን ቃል በፊልም ላይ መስፈርት አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ተመልካቹን ተማሪ አድርጎታል ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ተመልካች ከሥራ ደክሞ የሚመጣ፣ ትኬቱን በራሱ ገንዘብ የሚገዛ፣ አጠገቡ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚቀመጥ አዋቂ ነው። ስለ ሕመም የሚናገር ፊልም ብቻ ብናሳየው የሕሙማን ድጋፍ የሚጨምር ይመስልዎት ይሆናል። በሁለተኛው ዓመታችን እንዲያ አድርገን አይተነዋል፤ ሦስቱም ቀን አንድ ዓይነት ለቅሶ ሆነ፤ በሦስተኛው ምሽት ከወንበሩ ግማሹ ባዶ ነበር። በማግስቱ ዓመት ከሥራዎቹ መካከል አንድ ኮሜዲ፣ አንድ የልጆች አኒሜሽንና ከበጎ አድራጎት ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ የፍቅር ፊልም ከተትን። የስጦታ ሣጥኑ ገንዘብ ጨመረ። ምክንያቱን ላብራራ አልሞክርም፤ ስቆ የወጣ ሰው እጁ ኪሱ ለመግባት የሚቀለው ይመስለኛል።

መንግሥት ፊልም ሲመርጥ ምን እንደሚከተል ከፌስቲቫሎች ታሪክ አንድ ነገር ልጥቀስ። ከዛሬዎቹ ታላላቅ ፌስቲቫሎች ቀዳሚው የቬኒስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ተጀመረ። በ1938 ከፍተኛው ሽልማት፣ የሙሶሊኒን ስም የያዘው ዋንጫ፣ በፖለቲካ ጫና ለጣሊያንና ለጀርመን ፊልሞች ተሰጠ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተወካዮች ተቆጡ፤ ፈረንሳዮችም የራሳቸውን ፌስቲቫል በካን ከተማ ለማቋቋም ተነሡ። መክፈቻው መስከረም 1 ቀን 1939 እ.ኤ.አ. እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በዚያው ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረችና ሳይካሄድ ቀረ፤ በአግባቡ የተካሄደው በ1946 ነው። እኛ ካን አይደለንም፤ የእርስዎም ቢሮ ከዚያ ዘመን መንግሥት ጋር አይነጻጸርም። የባለሥልጣን ምርጫ ነው ተብሎ የታማ ፌስቲቫል ግን ትልቅም ይሁን ትንሽ አመኔታ ያጣል፤ የእኛ ተመልካች ደግሞ ገንዘብ የሚያዋጣው አምኖን ነው።

መንግሥት እጁን ያርቅ ማለቴ እንዳይመስልዎት። በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በኡጋዱጉ የሚካሄደው ፌስፓኮ የተባለው የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1969 ጥቂት የፊልም ወዳጆች የጀመሩት ነው፤ መንግሥት በ1972 በአዋጅ ተቋም አደረገው። አሁን በየሁለት ዓመቱ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች የሚገናኙበት ትልቅ መድረክ ነው። ያለ መንግሥት ድጋፍ ያን ያህል አይዘልቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፈቃድና ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል አቋምም የለንም። ሲኒማና በጎ አድራጎት ገና በጠዋቱ የተገናኙበት አንድ ቀን አለ፤ አሳዛኝ ቀን ነው። የሲኒማ ፈር ቀዳጆቹ የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ያሳዩት ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ ግንቦት 4 ቀን 1897 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ፓሪስ ውስጥ የመኳንንት ሴቶች ለድሆች ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ባዛር ነበር። እንግዳ መሳቢያ ተብሎ ሲኒማቶግራፍ የሚባለው የፊልም ማሳያ ገብቶበታል። የማሳያው መብራት የሚሠራው በኤተር ነበር፤ ኤተሩ ሲጨመር ክብሪት ተጫረ፤ ትነቱ ተቀጣጠለ። አዳራሹ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ስለነበር በደቂቃዎች ውስጥ ነደደ። ከ120 በላይ ሰው አለቀ፤ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዷ የኦስትሪያ እቴጌ የኤልሳቤጥ እኅት ነበረች። ሰዉ መውጫውን ማግኘት አልቻለም።

ይህን ታሪክ ለአዲስ በጎ ፈቃደኞቻችን በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። በሩ ላይ ወንበር የሚጨምር ሰው ሲመጣ እምቢ እንዲሉት። የቢሮው ባለሙያ ይምጣ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይይ፣ ወንበሩን ይቁጠር፣ የመውጫ በሮቹን ከፍቶ ይዝጋ። አልፈቅድም ካለ ምሽቱን እንሰርዘዋለን። ፊልሞቹን ግን ለእኛ ይተውልን።

ባለፈው ዓመት ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ገቢው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት የሚውል ስለነበር፣ ፊልሞቹን ሁሉ ከሥር ጽሑፍ ጋር አሳየን። ንግግሩ ብቻ አይደለም የተጻፈው፤ «በር ይንኳኳል»፣ «ከሩቅ ውሻ ይጮሃል» የሚለውም ጭምር። ተማሪዎቹ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፤ አስተማሪ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። አንድ ቦታ ላይ ተዋናዩ አፉን ከመክፈቱ አራተኛው ረድፍ በሳቅ ፈነዳ፤ የቀረው አዳራሽ የሳቀው ከሰከንድ በኋላ ነው። ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ነበርና ቀልዱን ቀድመው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ዞር እያለ አራተኛውን ረድፍ ማየት ጀመረ፤ እነሱ ሲስቁ «መጣ» እያለ ይዘጋጃል። ስለ መስማት መሳን አንድም ንግግር አልተደረገም። ያንን ፊልም ለቢሮው ዝርዝር ብናቀርበው ኖሮ በመጀመሪያው ነጥብ መሠረት ይወድቅ ነበር።

ሦስተኛውን ነጥብ ስናነብ ከኮሚቴያችን ውስጥ ቀና ብሎ የተያየ አልነበረም። ምክንያቱም እኛም አንድ ጊዜ አድርገነዋል። በመጀመሪያው ዓመት፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ የካርቶን ቼክ አሠርተን፣ ሁለት ልጆችን መድረክ ላይ አውጥተን አስያዝናቸው። የክብር እንግዳው ንግግር ረዘመ፤ ካርቶኑ ይከብዳል፤ ትንሹ ልጅ እጁ ዝሎ ካርቶኑ ፊቱን ሸፈነው። ፎቶ አንሺው «ቀና አድርገው!» አለው። ፎቶው አሁንም አለን፤ ለማንም አናሳየውም። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ የሚሄደው በባንክ ነው፤ የባንኩ ማስረጃና የወጪ ዝርዝሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። የተረጂ ፊት አይለጠፍም። በዚህ ነጥብ ላይ ለመስማማት የሚያስችለን ነገር የለም፤ አዳራሹ ቢቀርብንም።

የገንዘቡን ነገር ካነሣሁ አንድ ስሕተታችንንም ልናዘዝ። የመጀመሪያው ፖስተራችን «ሙሉ ገቢው ለበጎ አድራጎት» ይላል፤ እውነት አልነበረም። ፊልም ለሕዝብ ለማሳየት፣ ትርፍ ባይኖረውም፣ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የምናይበት የኢንተርኔት ደንበኝነት ወይም የተገዛ ዲስክ አዳራሽ ውስጥ የማሳየት መብት አይሰጥም። አንዳንዱ ባለመብት ቁርጥ ክፍያ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከትኬቱ ድርሻ፣ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል። ከዚያ የመሣሪያ ኪራይ አለ፣ ኅትመት አለ። ይህ ሁሉ ከትኬቱ ላይ ነው የተነሣው። አንዲት ተመልካች «ሙሉ ማለት ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አሁን ትኬታችን ላይ የሚጻፈው «ወጪው ተቀንሶ የተጣራው ገቢ» ነው፤ የሣጥኑ ስጦታ ግን ሳይነካ በሙሉ ይሄዳል። በቢሮው ማስታወቂያ ላይ «ሙሉ ገቢው» የሚለው ዳግም ተጽፎ ስላየሁ ከመታተሙ በፊት እንዲታረም እጠይቃለሁ።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው፦ ቀኑ በጽሑፍ ይጽና፤ የፊልም ምርጫው ለኮሚቴው ይተው፤ የመድረኩ ርክክብ ይቅር። በምላሹ የፊልሞቹን ዝርዝር ለማጽደቂያ ሳይሆን ለመረጃ እንልክልዎታለን፤ ሒሳባችንን የቢሮው ኦዲተር በፈለገው ቀን ያየዋል። የመክፈቻ ንግግር ማድረግ ከፈለጉ አምስት ደቂቃ ይዘናል። የመዝጊያውን ፊልም ቁልፍ ከአከፋፋዩ የምንጠይቀው ፌስቲቫሉ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለሆነ፣ መልስዎ ከዚያ በፊት ቢደርሰን እንዳለፈው አንጨነቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቅዳሜ ምሽት ሁለት ትኬት አያይዣለሁ። ወንበሮቹ የክብር ወንበሮች አይደሉም፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአራተኛው ረድፍ ልክ ጀርባ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ