የፎቶግራፍ ክበብ፦ የጓዳው ዓመት

የመጽሔቱ አዘጋጆች «መምህር፣ ጽሑፉ ይጠር፤ ፎቶ ግን ይብዛ» ብለውኛል። ለማሳጠር እሞክራለሁ። ፎቶ ግን አልሰጥም። የማባዣ ማሽናችን ጥቁር ሲበዛበት ነጭ መስመር እያሰመረ ያወጣል። የዘንድሮ ሥራችን ደግሞ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነው።

ክበቡ መስከረም መጨረሻ ላይ በ23 ተማሪዎች ተጀመረ። ንብረታችን አንድ ያረጀ ካሜራና አንድ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። የቀረው የልጆቹ ስልክ ነው። ስልክ በግቢያችን ክልክል ስለሆነ «ሐሙስ ከሰዓት ብቻ» የሚል ፈቃድ እስክናገኝ ጥቅምት አለቀ። ጥር ላይ 14 ቀሩ። ሥራው ሰልፊ አለመሆኑ ሲገባቸው ዘጠኙ ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የሚያስቁ ነበሩ። ከአንዷ ተማሪ አናት ላይ የባንዲራ መስቀያው በቅሏል። ከሌላው ትከሻ ጀርባ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጆሮ ይታያል። የፎቶ ቤት ልማድ ይመስለኛል፤ ፏፏቴ፣ አበባና ሶፋ ካልገባበት ሰው ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ እንማር አልኩ፤ ፊት፣ በዙሪያው ጨለማ። ሌላ ምንም። ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለን ጨለማ እንማር?» አለ። ሳቅን። እሱ ራሱ ግን ከ14ቱ አንዱ ነው።

ስቱዲዮአችን የተሰበሩ ዴስኮች የሚከመሩበት ስቶር ነው። መስኮት የለውም፤ አንድ በር ብቻ። ልጆቹ መጀመሪያ በሩን ዘግተው በፍላሽ አነሱ። ክፍሉ ከጨለመ ፎቶውም ይጨልማል ብለው ነው። የሚነሳው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ስለነበር ፍላሹ ፊቱንም፣ ግድግዳውንም፣ የሸረሪት ድሩንም እኩል አበራው። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴ ተነሳብኝ። አምፖል አብርቼ አንዱን ተማሪ በ1 ሜትር፣ ሌላውን በ3 ሜትር አቆምኩ። ርቀቱ 3 እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ያንቀላፉበት ቀመር ነው፤ ስቶር ውስጥ ገባቸው። በር እንደ አምፖል ትንሽ ስላልሆነ ቁጥሩ በልኩ አይሠራም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል። ሰውየው ለበሩ ይቅረብ፣ ግድግዳው ከሱ ይራቅ። ጨለማው ራሱ ይመጣል።

ችግሩ ስቶሩ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው የሚርቅበት ቦታ የለም። አዋጥተን ጥቁር ሳቲን ገዛን። ከሰርን። ሳቲን ያብለጨልጫል፤ ፎቶው ላይ ዝናብ የመታው አስፋልት መሰለ። በሚቀጥለው ሐሙስ አንዲት የመንዝ ልጅ ከቤቷ ጥቁር ባና ተሸክማ መጣች። የበግ ፀጉር ነው፣ ሸካራ ነው፤ ብርሃኑ በየፀጉሩ መሐል ገብቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጋረጃ አልፈለግንም፤ ስቶሩ በግ በግ ቢሸትም።

ቀጥሎ ያስቸገረን ካሜራው ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ። አብዛኛው ጥቁር ሲሆንበት «ጨለመብኝ» ብሎ ያበራዋል። ባናው አመድ ይመስላል፣ ግንባር ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ በ1 ወይም በ2 ስቶፕ መቀነስ ነው፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን ማጋመስ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ፊቱን በጣት ነክቶ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ። ይህቺን ልጆቹ ከኔ በፊት ያውቋት ነበር።

ለጥቁሩ ቦታ ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው፤ ጓዳ። «ጓዳው ጠበበ»፣ «ጓዳ ተውለት» ይባባላሉ። እኔ «ባዶ ቦታ» ስል ነበር፤ የእነሱ ይሻላል። ጓዳ ባዶ አይደለም፤ እንግዳ አያየውም እንጂ። ትልቁ ክርክራችን ጓዳው በየት በኩል ይሁን የሚለው ነበር። ሰውየው መሐል ላይ ሲሆን ጥቁሩ ክፈፍ ብቻ ይሆናል። ወደ ዳር ተገፍቶ ወደ ሰፊው ጨለማ ሲያይ ግን ተመልካቹም አብሮ ያያል፤ እዚያ ምን አለ ይላል። ጓዳው ከጀርባው ሲሆን ስሜቱ ይለወጣል፤ የሆነ ነገር ትቶ የመጣ ይመስላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የፊቱን እወዳለሁ።

ያላሰብኩት ተቃውሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪያችን መጣ። ከጎን የሚመጣ የበር ብርሃን ግማሽ ፊት ይበላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይቀራል። «መምህር፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው እኮ ሰይጣን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሁለት ነው፤ ሰይጣንና ክፉ ሰዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን እያየ ላደገ ሰው ግማሽ ፊት ዝም ብሎ ውበት አይደለም። መፍትሔው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት (እ.ኤ.አ. 1606–1669) ዘንድ ተገኘ። ፊቱን ትንሽ ወደ ብርሃኑ መመለስ ነው። ያኔ በጨለመው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይን ሥር፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ትወድቃለች። ሁለተኛው ዓይን ይነቃል። ዘማሪው ተስማማ። አሁን ሦስት ማዕዘኗ የሌለችበትን ፎቶ አያሳልፍም።

ሚያዝያ ላይ አንኮበር ሄድን። ጉም ዋጠን። ሁሉም ነጭ ጓዳ ይዞ ተመለሰ፤ እሱም ያምራል፣ የዘንድሮ ትምህርት ግን አይደለም። የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ እናንሳ የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር። ብርሃኑ እንደሚያምር አውቃለሁ። የሚያልፈውን ከባድ መኪናም አውቃለሁ። አልፈቀድኩም።

ለሰኔው የወላጆች ቀን 12 ፎቶ አሳተምን። ስልክ ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ጠቆረ። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። አምስቱን አስተካክለን ደግመን አሳተምን። የክበቡ ገንዘብ እዚያ ላይ አለቀ።

ሰው ተሰብስቦ ያየው የማታ ጥበቃችንን የጋሼን ፎቶ ነው። ሦስት ሐሙስ ፈጅቶብናል። ነጭ ጋቢያቸው ከፊታቸው ብዙ እጥፍ ብርሃን ስለሚመልስ መጀመሪያ የወጣው ጋቢ እንጂ ሰው አልነበረም። «ያውልቁት» ሲባሉ «በዚህ ብርድ?» አሉ። በመጨረሻ አንዷ ልጅ በበሩ በኩል ያለውን ጫፍ ከትከሻቸው ወደ ኋላ መለሰችላቸው። ፊታቸው በቀኝ ዳር፣ ዓይናቸው ወደ ግራ፣ የቀረው በሙሉ ጓዳ።

ፎቶውን ለሳቸው ሰጠናቸው። «ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ባከነ?» አሉና አመስግነው ወሰዱ። ባለፈው ሳምንት ጥበቃ ቤት ጎራ ስንል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥቁሩ ላይ አረብ አገር ያለችውን የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ለጥፈውበታል። ልጆቹ ክው አሉ። አንዱ «ላንሳው፣ መምህር?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ያዝኩት። ጋሼ የለጠፉት በሚያዩበት በኩል ነው።