ለዱድሳጋር ሹፌሮችና ሕይወት አድን ሠራተኞች የቀረበ ምስጋና

በሕንድ፣ በጎዋና በካርናታካ ድንበር ጫካ ውስጥ ካለው የዱድሳጋር ፏፏቴ ሁላችንም በሰላም ተመልሰናል። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ያላት እህታችንም ያለ ከዘራ መራመድ ጀምራለች። ፈጣሪ ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የምናመሰግናቸውን ሰዎች ግን ሥራቸውን ሳንናገር «እናመሰግናለን» ብለን ብናልፍ ውለታቸውን መብላት ይሆንብናል።

በቅድሚያ የኩለም (ጂፖቹ ወደ ፏፏቴው የሚነሱበት መንደር) ጂፕ ሹፌሮች። ፏፏቴው 310 ሜትር ያህል ከፍታ አለው (ጢስ ዓባይ 45 ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት)፤ ወደ እሱ የሚወስደው የጫካ መንገድ ድልድይ በሌላቸው ጅረቶች ውስጥ ያልፋል። ሹፌሩ ውሃው ጋ ሲደርስ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ ማዶ እስኪወጣ ማርሽ አይቀይርም፣ እግሩንም ከነዳጁ አያነሳም። መሀል ላይ ነዳጅ ከቀነሰ ውሃ በጭስ ማውጫው ገብቶ ሞተሩ ይጠፋል። በጥድፊያ ከገባ ደግሞ ከፊት የሚነሳው ማዕበል ወደ አየር ማስገቢያው ይደርሳል። ማዶ ወጥቶ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ለካ የረጠበውን የፍሬን ሸራ እያደረቀ ነው።

ሕይወት አድኖቹ የእያንዳንዱን ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት በትከሻው በኩል ይዘው ወደ ላይ ይስባሉ፤ ጆሮ ከደረሰ ልል ነው፣ ማሰሪያው እንደገና ይጠብቃል። ፏፏቴው የሚወድቅበት ነጭ አረፋ ጋ ማንንም አያስጠጉም። አረፋው አየር ስለበዛበት ሰውን እንደ ንጹሕ ውሃ አያንሳፍፍም፤ ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ ባዩንም ያሰምጣል።

እህታችን አልጌ የያዘው ድንጋይ ላይ ስትንሸራተት ሦስት ሸሚዞች ቆልፈው፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ገልብጠው፣ ሁለት ዱላ አሳልፈውባቸው ቃሬዛ ሠሩ። ማሸት እብጠቱን ያባብሳል ብለው ማንም እንዲነካት አልፈቀዱም (የኛ አገር ወጌሻ ቢሰማ ይቀየማቸው ነበር)። ቁልቁለቱን እግሯን ወደ ፊት አድርገው፣ በየጥቂት እርምጃው እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ኩለም ላይ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታ ገንዘብ አልቀበልም ያለችንን ባለሱቅ እግዜር ይስጥልን።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ጂፕ አይሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት ይከፈታል። በፏፏቴው አጠገብ በሚያልፈው የባቡር ሐዲድ በእግር መሄድ ክልክል ነው፤ ሐዲዱ ጠባብ ዋሻዎች ስላሉት ባቡር ሲመጣ መሸሻ የለም። ስልክ አይሠራምና ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ቦርሳችሁን ዝጉ፤ ጦጣዎቹ ዚፕ ይከፍታሉ። ውሃው ከደፈረሰና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፤ ፎቶውን ትታችሁ ውጡ።

ሦስቱ ሸሚዞች እኛ ጋ ቀርተዋል። ታጥበዋል፣ ተተኩሰዋል፤ ወደ ኩለም የሚሄድ ሰው እንዳገኘን እንልካቸዋለን።