በደለስ የወደቀውን በረዶ ማን ይቁጠረው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የዋሽንግተንን ዊንተር ከድሮው የበረዶ መዝገብ ጋር ያወዳደረውን ዘገባችሁን አንብቤዋለሁ። አንባቢዎቻችሁም አንብበውታል ብዬ ስለማምን ከሥር ጀምሬ አልተርከውም። የምጽፈው ስለ አንዲት መስመር ነው። የፌብሩዋሪ 2010ሩ በረዶ 17.8 ኢንች ስለነበር በከተማዋ ታሪክ አራተኛ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሲያወራው ያጋንነዋል የምትለዋን ማለቴ ነው። እሷን ካነበብኩ ወዲህ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል።

ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚህ አልከራከርም። ቁጥሩ የት እንደተለካ ግን ዘገባው አንድም ቦታ ላይ አልጻፈም። እዚያ ላይ ነው የምከራከረው።

17.8 ኢንች የተለካው ናሽናል ኤርፖርት ነው። የዋሽንግተን ዋና መለኪያ ያለው እዚያ ነው። ኤርፖርቱ ራሱ ዲሲ ውስጥ አይደለም። ቨርጂኒያ ነው፣ አርሊንግተን፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር። ሲሠራም የወንዙን ዳርቻ በአፈር ሞልተው ነው መሬት ያገኙት። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ አምስት ሜትር አይሞላም። ወንዝ ደግሞ እንደ የብስ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቅዝቃዜው ዜሮ ሴንቲ ግሬድ ዙሪያ በሚዋዥቅበት ሌሊት አንድና ሁለት ዲግሪ ብዙ ነገር ይለውጣል። እዚያ ዝናብ ወይም ውሃ ያዘለ በረዶ ሲወርድ፣ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደረቅ በረዶ ሆኖ ይቆለላል። እዚህ አገር ጥቂት ዓመት የኖረ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ዲሲ መንገዱ ጥቁር ሆኖ ትተኸው ትወጣለህ፤ ሄርንደን ስትደርስ ነጭ ነው።

ደለስ ኤርፖርት ያለው እዚያ ነው፣ ከመሃል ዲሲ ወደ ምዕራብ 26 ማይል ያህል ርቆ። ከፍታው ወደ 95 ሜትር ይጠጋል። በዚያው ማዕበል፣ በእነዚያው ቀኖች፣ ፌብሩዋሪ 5 እና 6 ላይ፣ ደለስ የተለካው 32.4 ኢንች ነው። በሴንቲ ሜትር ላስቀምጠው። ናሽናል 45፣ ደለስ 82። አንዱ ጉልበት ጋ ይቆማል። ሌላው ጭን አልፎ ወገብ ይጠጋል።

የሁለቱ ልዩነት 14.6 ኢንች ነው። ናሽናል ላይ በአንድ ሙሉ ዊንተር በአማካይ የሚወድቀው 13.7 ኢንች ነው። ስለዚህ ዘገባችሁ ሳይቆጥር ያለፈው በረዶ ብቻውን፣ ናሽናል ዓመቱን ሙሉ ከሚያገኘው ይበልጣል። ይህን ያህል በረዶ ጥሎ ማለፍ ምን ዓይነት ማወዳደር ነው?

ታዲያ አጋነናችሁ የተባልነው እኛ ማን ነን? የት ነበርን? ሐበሻ ዲሲ ዘጠነኛ መንገድ ላይ ብቻ የሚኖር ይመስል ተጻፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውስ? ስተርሊንግ፣ ሄርንደን፣ አሽበርን ያለውስ? ደለስ ላይ ሻንጣ የሚያነሳው፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ቡና የሚሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው ማን እንደሆነ እናንተ ታጡታላችሁ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው። እናቶቻችንን የተቀበልነው እዚያ በር ላይ ቆመን ነው። ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ ቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ቁጥር የደለስ ነበር። ጨርሶ አልተጻፈም።

እኔ ያኔ ደለስ ላይ ታክሲ እነዳ ነበር። የምኖረው ስተርሊንግ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ የጀመረው በረዶ ቅዳሜም ይወርድ ነበር። በማግስቱ ፓርኪንጉ ውስጥ የማን መኪና የት እንዳለ መለየት አይቻልም። በአካፋ ቆፍረን ስናወጣ፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መጥቶ ከመንገዱ የገፋውን መልሶ በመኪኖቻችን ላይ ቆለለው። እንደገና ቆፈርን። በረራ ተሰርዟል። ተሳፋሪ የለም። ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዝግ ነበሩ። መንግሥት ራሱ የዘጋበት ሳምንት ነው።

ታክሲውን ያከራየኝ ድርጅት ግን የሳምንቱን ኪራይ ሙሉውን ጠየቀኝ። መውጣት አልቻልኩም፣ መኪናው ከበረዶ ሥር ነው አልኩት። በሬዲዮ 17 ኢንች ነው የተባለው፣ ሌላው ሰው እየሠራ ነው አለኝ። ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰውዬ የሚኖረው ወንዙ አጠገብ ነበር። ከፈልኩ። ባለቤቴም በዚያው ሳምንት ከሥራዋ እንደቀረች ተቆጠረባት። የእሷም አለቃ ያለችው ያንኑ ቁጥር ነው። ቁጥር ወረቀት ላይ ተቀምጦ አይቀርም። የሰው ደሞዝ ይቆርጣል።

ያንን ጊዜ እነሱ ስለ እኛ ኑሮ አያውቁም ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ያንኑ መልስ በራሴ ቋንቋ፣ ከራሴ ሰው ሳነብ ግን አላልፍም። አጋንናችኋል ማለት ዋሽታችኋል ማለት ነው። ያን ቀን አካፋ ይዘን የቆምን ሰዎች አልዋሸንም።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ ዘገባችሁ የተመካው በእሱ ነውና። አራተኛ የሚለው ደረጃ የመጣው እንዲህ ነው። አንደኛ የ1922ቱ፣ 28 ኢንች። ሁለተኛ የ1899ኙ፣ 20.5። ሦስተኛ የ1979ኙ፣ 18.7። ከዚያ 2010። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። የተለኩት ግን አንድ ቦታ አይደለም። በ1899 እና በ1922 መለኪያው የነበረው ከተማው ውስጥ፣ 24ኛውና ኤም መንገድ ላይ ነው። ናሽናል ኤርፖርት የተከፈተው በ1941 ነው፤ መለኪያውም ወደዚያ የሄደው በ1940ዎቹ ነው። ስለዚህ የ2010ሩን ከ1922ቱ ጋር ስታወዳድሩ ወንዝ ዳርን ከመሃል ከተማ ጋር እያወዳደራችሁ ነው። በ1922 እንኳ ያው ዲሲ ውስጥ ሮክ ክሪክ ፓርክ የተለካው 33 ኢንች ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ማዕበል ይህን ያህል ይለያያል።

የ1922ቱን በሁለት መስመር ማለፋችሁም ቆጭቶኛል። የኒከርቦከር ቲያትር ጣሪያ የተደረመሰው በዚያ በረዶ ክብደት ነው። 98 ሰው ሞተ። ቦታው 18ኛውና ኮሎምቢያ መንገድ ነው፣ አዳምስ ሞርጋን። የእኛ ሰዎች ከስንት ዓመት በኋላ ምግብ ቤት የከፈቱበት፣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ እንጀራ የበላንበት ሰፈር ነው። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፈናል። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ያልነገረ ማን ይንገረው? በ2010ም ደለስ ላይ የግል ጄቶች የሚቆሙበት ሃንጋር ጣሪያ ተደርምሷል። የ17.8 ኢንች ወሬ ብቻ የሰማ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ደለስን ከ1922 ጋር አወዳድሩልኝ እያልኩ አይደለም። አይቻልም። ኤርፖርቱ የተከፈተው በ1962 ነው። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ቦታ ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ደለስን ከራሱ ጋር ካወዳደርነው፣ ከ2010 በፊት የነበረው የሁለት ቀን ሪከርድ የጃንዋሪ 1996ቱ 23.2 ኢንች ነው። የ2010ሩ ያንን በ9.2 ኢንች በልጦታል። በዚያ ኤርፖርት ታሪክ እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም ነበር። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ናሽናልን ከራሱ ጋር እናወዳድር ከተባለም፣ ዘገባው ትልቁን ነገር ዘሎታል። ርዕሱ ስለ ዊንተር ነው። ውስጡ የሚያወራው ስለ አንድ ማዕበል ነው። ዊንተር የአንድ ቅዳሜ ጉዳይ አይደለም። በ2009 ዲሴምበር ናሽናል ላይ 16.4 ኢንች ወረደ። በፌብሩዋሪ 17.8። እሱ ሳይቀልጥ ከቀናት በኋላ ሌላ 10.8። የፌብሩዋሪዎቹ ሁለቱ ብቻ ሲደመሩ 28.6 ኢንች ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። በጠቅላላው የዚያ ወቅት በረዶ ናሽናል ላይ 56.1 ኢንች ደረሰ። ከዚያ በፊት የነበረው ሪከርድ የ1898–99ኙ 54.4 ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሪከርድ የተሰበረው በዚያ ወቅት ነው። ያውም በረዶ በሚያንስበት በወንዙ ዳር መለኪያ! ደለስ ደግሞ 73.2 ኢንች።

ስለዚህ አራተኛ ነው ያላችሁት በረዶ የወረደበት ዊንተር በራሳችሁ መለኪያ አንደኛ ነው። ዘጋቢው ሰንጠረዡን አንድ ገጽ ወደ ታች ቢያነብ ያገኘው ነበር። ሳያነብ እኛን አጋናኝ አለን።

ስለ አለካኩም አንድ ነገር ልጨምር። በረዶ የሚለካው ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው። በየስድስት ሰዓቱ ይለካል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ይጠበቃል። ይህ የሚደረገው በረዶ ሲቆይ በራሱ ክብደት ስለሚጠቀጠቅ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ የለካ ሰው ከወረደው ያነሰ ያገኛል። በጃንዋሪ 2016ቱ ማዕበል ናሽናል ላይ ሰሌዳው በበረዶ ተቀብሮ ጠፋ። ሠራተኞቹ እዚህም እዚያም ጥልቀቱን እየለኩ አማካዩን ወሰዱ። ያኔም የተመዘገበው 17.8 ነው። ደለስ በዚያው ማዕበል 29.3 ኢንች ለካ። ብዙ ተከራከሩበት፤ የናሽናሉ ቁጥር ግን በመዝገቡ ጸንቷል። ሠራተኞቹን አልወቅስም። በዚያ ንፋስ ውጭ ቆሞ መለካት ቀላል አይደለም። የምወቅሰው ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ቁጥሩን አንስቶ ሰው የሚፈርድበትን ነው። የብሔራዊው የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዋሽንግተን አካባቢ ቢሮ ያለው ስተርሊንግ ነው፣ ከደለስ አጠገብ። ትንበያው የሚወጣው ከእኛ ሰፈር ነው። ከእኛ ሰፈር የተለካው በረዶ ግን ለዘገባችሁ አልበቃም።

ስለ ብርዱም ያው ነው። የፌብሩዋሪ 1899ኙን ከዜሮ በታች 15 ፋራናይት ጽፋችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ብርድ በዚህ አካባቢ አልታየም ብላችኋል። ለከተማው መለኪያ ልክ ነው። ደለስ ግን በጃንዋሪ 1984 ከዜሮ በታች 18 ፋራናይት ገብቷል። ያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ወገኖቻችን ዛሬም በሕይወት አሉ። ደውሎ መጠየቅ ይቻል ነበር።

የአንዱን ልጅ ግንባር ዳስሶ በቤቱ ያለ ልጅ ሁሉ ደህና ነው የሚል ሐኪም የለም። ዘገባችሁ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው።

አዘጋጁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያቺ የእኛ ሰው ያጋንነዋል የምትለው መስመር ትውጣ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ፣ ከገጹ ሥር ተሸጉጦ ሳይሆን። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ስለ ዋሽንግተን በረዶ ስትጽፉ ከናሽናል ጎን የደለስን ቁጥር አስቀምጡ። በአማካይ ስንት እንደሆነም ጻፉ፤ ናሽናል 13.7፣ ደለስ 21 ኢንች። አንዲት ተጨማሪ መስመር ናት። ሥራ የገባው ሰው፣ ያልገባው ሰው፣ ከአለቃው ጋር የሚከራከረው ሰው ያንን መስመር ስልኩ ላይ አውጥቶ ያሳያል። እኔ በ2010 የማሳየው አልነበረኝም።

ከአክብሮት ጋር፤
የቀድሞ የደለስ ታክሲ ሾፌር
ስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ