የጥገና ክበብ ዘገባ፦ አንድ አሮጌ ሪል ይዘን የከረምንበት ዓመት

የጥገና ክበብ ዘንድሮም ወንበር ጠግኗል፣ የቤተ ሙከራውን ማከፋፈያ ቀጥሏል፣ የስፖርት ክፍሉን የኳስ መንፊያም አድኗል። እነሱን እዚህ አልዘረዝርም፤ ወንበሮቹን ተቀምጣችሁባቸዋል። መጻፍ የፈለግሁት ዓመቱን ሙሉ ጠረጴዛችን ላይ ስለከረመ አንድ ዕቃ ነው። አሮጌ የአሳ ማጥመጃ ሪል ነው፤ ማጥመጃው ዘንግ ላይ ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለው ዕቃ።

ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ በወጣትነታቸው ጎርጎራ ወደብ፣ ጀልባ ላይ ይሠሩ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሣጥን ውስጥ ኖሯል። ሲመጣ እጀታው አይዞርም። የናይለን ክሩ ደርቆ እንደ ገለባ ይሰበራል። ቀዩ ቀለም ግን ጠርዝ ጠርዙ ከመላጡ በቀር ደህና ነበር።

ሪል ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ክሩ ሲወረወር ማጠንጠኛው፣ ማለትም ክሩ የተጠመጠመበት ክፍል፣ ቆሞ ክሩ ብቻ እየተፈታ የሚወጣውን ነው። የእኛው ሌላኛው ነው። ከማጥመጃው ዘንግ በላይ ይቀመጣል፤ ሲወረወር ማጠንጠኛው ራሱ አብሮ ይሽከረከራል። ሩቅና አነጣጥሮ ለመወርወር ጥሩ ነው። ለጀማሪ ግን ፈተና ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጎኑ ላይ «አምባሳደር 5000» ይላል። የሠራው ስዊድን ውስጥ ስቫንግስታ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው «አቡ» ፋብሪካ ነው። ይህን ስል አንዱ ከኋላ «አቡዬ ይርዱና!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲቋቋም ሥራው የኪስ ሰዓት ነበር። ኋላ የታክሲ ሒሳብ መቁጠሪያም ሠርቷል። ይህ ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከፍታችሁ ስታዩት የሰዓት ሠሪ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል።

ከእግሩ ሥር 750300 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። በዚያን ጊዜ የአቡ ሪሎች ላይ የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ተከታዮቹ ሁለት ወሩን ያሳያሉ። ስለዚህ ማርች 1975 ማለት ነው። የታሪክ መምህራችን ይህን ሲሰሙ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣበት ወር ነው አሉ፤ የካቲት 25 ቀን 1967። ያን ዕለት ሪሉን ማንም አልነካውም፤ ክበቡ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሆኖ አለቀ።

ደንባችን አንድ ነበር፦ ያልተሳለ ዕቃ አይፈታም። ስልክ ያለው ፎቶ ማንሳት ይችላል፤ ቢሆንም መሳሉ አይቀርለትም። እኔ በፎቶ ብዙም አላምንም። ፎቶ የሚያነሳ ልጅ አይቶ ያልፋል። የሚስል ልጅ የማርሹን ጥርስ ይቆጥራል፣ ሮንዴላው በየትኛው ፊቱ እንደተቀመጠ ይጠይቃል። መልሰን ስንገጥም የረዳን የአንዲት ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ነው። ፎቶዎቹ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወሩ ቅደም ተከተላቸው ጠፍቶ ነበር።

በጣት የሚፈቱት ብሎኖች ሲወጡ የእጀታው ጎን ከነውስጡ ይለቃል፤ ማጠንጠኛውም ይወጣል። እስከዚህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከእጀታው በታች ያለው ክፍል ነው። በአውራ ጣት የሚጫነው ቁልፍ ትንሿን ማርሽ ከማጠንጠኛው ዘንግ ያላቅቃታል። ሥራው የመኪና ፍሪሲዮን ሥራ ነው። ማርሿን ወደ ቦታዋ የሚመልሷት ሁለት ደቃቅ ሞላዎች ናቸው። ሽፋኑ ሲነሳ ተስፈንጥረው ከጠፉ ጎንደርን በሙሉ ብታስሱ አታገኟቸውም። ስለዚህ ይህን ክፍል የፈታነው ትልቅ ሳፋ ውስጥ፣ ከላይ ፌስታል ሸፍነን፣ እጅ ከሥር አስገብተን ነው። ማዶ ሆኖ ለሚያየን ሊጥ የምናቦካ ነበር የሚመስለው።

ውስጡ ቡናማ ሙጫ በመሰለ ነገር ተጣብቋል። አሮጌ ግሪስ ነው ብለን ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ግሪሱ ለቀቀ፤ ሙጫው ግን ንቅንቅ አላለም። ተማሪዋ ቤቷ ሄዳ አያቷን ጠየቀች። «መዞር እንቢ ሲለኝ ኑግ ዘይት አጠጥቼው ነበር» አሉ። የኬሚስትሪ መምህርታችን ወዲያው ገባቸው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዘይት ነው። ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ መጨረሻው ቫርኒሽ ነው። ለወጥ የሚሆን ለማሽን አይሆንም። ያኔ አያትየው ቢመጡልን ጥሩ ነው ብዬ ላክሁባቸው፤ መጡም። ልጆቹ «አባባ፣ ምን ያህል ነው ያጠጡት?» ሲሏቸው «ምን ላድርግ፣ ሲያምርልኝ ደግሜ ነዋ!» አሉ።

ሙጫውን በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽና በተሳለ የእንጨት ስንጥር ነው ያወጣነው። በብረት መፋቅ ከለከልሁ። በረኪና እንጠቀም ያለም ነበር። አይሆንም። ጎኖቹ አልሙኒየም ናቸው፤ በረኪና አልሙኒየምን ይበላል፣ ቀዩንም ቀለም ያበላሻል። አረንጓዴ ዝገት ያወጡትን የናስ ክፍሎች ግን ሎሚ አጸዳቸው፤ በውሃ አለቅልቆ ቶሎ ማድረቅ ነው።

የመኪና ሥራ የሚያውቁት ልጆች ኩሽኔታ ፈለጉ። የለም። በዚህ ሞዴል የማጠንጠኛው ዘንግ የሚዞረው ኳስ በሌለው ተራ የብረት ቀለበት፣ በቡሽ ውስጥ ነው። ከሪሉ ክፍሎች አርጅተው በአዲስ የተለወጡት ሁለት ብቻ ናቸው።

አንደኛው ክሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ እኩል የሚያስጠመጥመው ክፍል ነው። ጠመዝማዛ ዘንግ አለው፤ ቦዩ ሄዶ ራሱን እያቋረጠ ይመለሳል። በቦዩ ውስጥ የምትሄድ ትንሽ ምላስ አለች። የእኛዋ ጫፏ ስላለቀ ዳር ስትደርስ መመለስ ትረሳለች። መለዋወጫ አልተገኘም። አዘዞ ያለ የቶርኖ ባለሙያ ከናስ ዘንግ ቆርጦ ግንዷን አወጣልን፤ ምላሷን ልጆቹ በሞረድ ሠሩ። «ናስ ቶሎ አያልቅም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ይለቅ። ምላሷን መልሰን እንሠራለን፤ ጠመዝማዛው ዘንግ ካለቀ ግን ሪሉ አለቀለት።

ሁለተኛው ከኮከቡ፣ ማለትም እጀታው ሥር ካለው የኮከብ ቅርጽ ማጥበቂያ፣ ሥር ያለው ፍሬን ነው። ትልቁ ማርሽ ውስጥ ሮንዴላዎች ተደራርበዋል፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ለስላሳ። ኮከቡ ሲጠብቅ ይጨቆናሉ። ትልቅ አሳ ሲጎትት ይንሸራተቱና ክሩ ሳይበጠስ ይለቃል። ለስላሶቹ ተሰባብረው ነበር። አንድ ጫማ ሠሪ ቀጭን ቆዳ ሰጠን፤ ልጆቹ ለክተው ቆረጡ፣ ጥቂት ዘይት አስነኩት።

አሁን ለጀማሪ ፈተና ነው ወዳልሁት ልመለስ። ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ በአየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ማጠንጠኛው ግን በፍጥነቱ ይቀጥላል። ክሩ ከሚፈለገው በላይ ይለቀቅና ይተበተባል። ይህን ለማስቀረት ማጠንጠኛው ዘንግ ላይ ሁለት ደቃቅ ቁራጮች አሉ። ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይገፉና ከቀለበት ጋር ይፋተጋሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋቸው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። እኔ ይህን ቀመር ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ዘንድሮ ግን ልጆቹ ጆሯቸውን ሪሉ ላይ ደቅነው ሰሙት። ቀለበቱ ዘይት ከነካው ፍሬኑ አይሠራም፤ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት።

ስለ ዘይት ብዙ ተጨቃጭቀናል። ለልጆች «ቅባው» ስትላቸው ያጥለቀልቁታል። ለማርሹ ስስ ግሪስ፣ ለዘንጉ ጫፎች አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፤ በቃ። ሌላው ጭቅጭቅ ስለ ቀለሙ ነበር። ቀይ እንቀባው የሚሉ በዙ። እንቢ አልሁ። የተላጠው በአያትየው እጅ ነው፤ ለምን ይጠፋል?

እጀታው አንዴ ሲዞር ማጠንጠኛው 3 ተኩል አለፍ ብሎ ይዞራል። አዲስ ክር አስገብተን፣ እርሳስ አስረን፣ ሜዳ ወጣን። መጀመሪያ የማጠንጠኛውን ዘንግ የሚያጠብቀውን የጎን ቆብ እናስተካክላለን፤ ሲለቀቅ እርሳሱ በዝግታ ወርዶ መሬት ሲነካ ማጠንጠኛው መቆም አለበት። አውራ ጣት ደግሞ ከማጠንጠኛው አይለይም። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ከወረወርነው ይልቅ ቋጠሮ የፈታንበት ጊዜ ይበልጣል። በዚህ ሥራ ጥልፍ የሚያውቁት ልጆች በለጡን።

ግንቦት ላይ ከወላጆች ጋር ጎርጎራ ሄድን። ክረምቱ ሳይገባ የሄድነው ሆን ብለን ነው። ከጣና ነጭ አሳ ብዙዎቹ ዝርያዎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንቁላል ለመጣል እንደ መገጭና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ እነሱን ማሳደድ ደግ አይደለም። በደንገል ታንኳ የመጡ አንድ አሳ አጥማጅ መረባቸውን እያራገፉ ሲያዩን ቆዩ። ረፋድ ላይ ተማሪዋ አንድ ነጭ አሳ ያዘች። አሳው ሲስብ የፍሬኑ ቆዳ ተንሸራተተ፣ ክሩም አልተበጠሰም። አጥማጁ «ለአንድ አሳ ይህን ሁሉ?» አሉ። እሳቸው ቀረሶውንና አምባዛውን በቅርጫት ሞልተው ነበር።

ሪሉ አሁን ከአያትየው ጋር ነው። ከትንሽ ጠርሙስ የስፌት መኪና ዘይት ጋር ነው የሰጠናቸው፤ ልጅቷም ኑጉን እንድትጠብቅ አደራ ተብላለች።

ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡ የማይሠራ የስፌት መኪና ይፈልጋል፤ በእጅ የሚዞርም፣ በእግር የሚረገጥም ይሆናል። ቤቱ ያለው ተማሪ በመስከረም ምዝገባ ሳምንት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ድረስ መጥቶ ይንገረን። እባካችሁ፣ ከማምጣታችሁ በፊት ምንም ዘይት አትጨምሩበት።