ግራ እጄ ስልክ ይዛ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት የታመመች ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጸለይኩላት። ገና «አሜን» ሳልል እጄ ኪሴ ገብታ ስልኬን ትፈልጋለች። እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ፎቶ አነሳኋት። ማታ ልለጥፈው ስል፣ ከሥሩ የምጽፈውን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። «ሌሎችን ለማነሳሳት እኮ ነው» አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ ስትመጸውት ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል። የእኔዋ ግራ ደግሞ ፎቶ አንሺ ሆና ቁጭ!

ልብን መመርመር ሲባል ክፉ ሥራን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጸሎቴም ይመረመራል። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጨርስም ስሜን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ አሥር ደቂቃ ፈጀሁ። እባካችሁ ስሜን አታውጡት።

አንባቢያችሁ