ሦስተኛው ጉድጓድ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ግንባታ በዝቷል። ደስ ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከሕንፃው በፊት የሚጻፈው ወረቀት ነው፤ የአፈር ምርመራ ሪፖርቱ። ገዢ አያነበውም፣ ተከራይ አያየውም። ውስጡ ያለው እውነት መሆኑን በትክክል የሚያውቀው የፈረመበት ሰው ነው። እኔም የጂኦሎጂ ባለሙያ ነኝ። የምጽፈው ራሴ ላይ ከደረሰው ተነስቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አፈር እንድመረምር አንድ አማካሪ ድርጅት ቀጠረኝ። ቦታው ወንዝ ዳር ነው። ውሉ ሦስት ጉድጓድ ይላል፣ እያንዳንዱ 15 ሜትር። ሁለቱን ቆፈርን። ለወንዙ በጣም የሚቀርበው ሦስተኛው ሳይጀመር ማሽኑ ተበላሸ። አለቃዬ ደወለ። «ኢንጂነር፣ ያው አንድ ግቢ አይደል? የሁለተኛውን ውጤት ገልብጠህ ሙላው» አለኝ። (ሳይት ላይ ሁሉም ሰው ኢንጂነር ነው፣ ጂኦሎጂስቱም ጭምር።)

መገልበጡ አልሆነልኝም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ በዶማና በአካፋ አስቆፈርኩ። ሁለት ሜትር ልንደርስ ስንል ከአሸዋው ውስጥ የፕላስቲክ ሸበጥ ወጣ። ሰማያዊ፣ የግራ እግር፣ ማሰሪያው የተበጠሰ። ከላዩ ያለው አሸዋ በስሱ በስሱ ተነባብሯል። ሰው የደፋው አፈር እንዲህ አይነባበርም፤ ውሃ ነው ያስተኛው። የፕላስቲክ ሸበጥ ደግሞ የቅድመ አያቶቻችን ዕቃ አይደለም። ያ ሁሉ አሸዋ የመጣው በእኛ ዕድሜ ነው ማለት ነው። የግቢው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር» አሉኝ። ከዚያ የጎረቤቱን ግንብ በመዳፋቸው ነኩት። ደረታቸው ጋ ነው።

እዚህ ላደገ ሰው የሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ማስረጃ አያሻውም። ለወጣቱ ግን ልንገረው። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። መንገዱ አጭር፣ ቁልቁለቱ ከባድ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ብዙም ሳይቆይ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው ወንዝ፣ ደቻቱ ውስጥ ይገባል። ያን ሌሊት ጎርፉ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ነገር ግን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በጥር ወር መጥቶ ቦታ የሚያይ ሰው ወንዝ አይታየውም፣ ክፍት መሬት ነው የሚታየው። በጥር ወንዙ መታየት ያለበት ለባለሙያው ነው። የሚከፈለን ለዚያ ነው።

ሸበጡን ፎቶ አንስቼ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁ። መሠረቱ ጠለቅ ብሎ እንዲወርድ፣ ቤዝመንት እንዳይኖር ጻፍኩ። «አታካብድ» ተባልኩ። «ሸበጧን አውጣትና ፈርም።» አልፈረምኩም። ክፍያዬም በዚያው ቀረ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባ የገባውን ሪፖርት አሳየኝ። ፊርማው የሌላ ሰው ነው፤ ሦስት ጉድጓድ፣ 15፣ 15፣ 15። ሕንፃው ተሠርቶ ቆሟል። ቤተሰብ ይኖርበታል። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ሌሊት ዝናብ ስሰማ፣ ሐሳቤ እዚያ ይሄዳል።

ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት የሚባል ግድብ አለ፤ ከፍታው 260 ሜትር ያህል ነው። የነደፈው ካርሎ ሴሜንዛ ነው። ልጁ ኤዶአርዶ ጂኦሎጂስት ነበር። ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1960 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ከግድቡ ሐይቅ በላይ ያለው የቶክ ተራራ ጎን የጥንት ናዳ መሆኑን፣ እንደገናም ሊንሸራተት እንደሚችል ጻፈ። የገዛ አባቱ ግድብ ላይ ነው ይህን የጻፈው። ሥራው ግን ቀጠለ፣ ውሃም ተሞላ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ማታ ተራራው ሐይቁ ውስጥ ተናደ። ውሃው ግድቡን ዘሎ ሎንጋሮኔ የተባለችውን ከተማና ዙሪያዋን ጠረገ። 2,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ግድቡ አልፈረሰም። እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

የሙያ ሥነ ምግባር ሲነሳ ሁሌም «ሕሊና ይኑራችሁ» እንባላለን። ሕሊና ያለው ልጅ ሞልቷል። አምና የተመረቀ፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት ልጅ «ፈርም» ሲባል ግን ብቻውን ነው። እምቢ ቢል እምቢታው የትም አይጻፍም። እሱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ ፋይሉ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ባለሙያ በመሀል ሲቀየር፣ የለቀቀው ለምን እንደለቀቀ በጽሑፍ ይስጥ። ጽሑፉ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ተተኪውም ማንበቡን ይፈርም። ይህ ቢኖር ኖሮ የእኔን ቦታ የያዘው ሰው ስለ ሸበጡ አላወቅሁም ማለት አይችልም ነበር። ምናልባትም እሱ ራሱ አይፈርምም ነበር። የጉድጓዶቹ የመስክ መዝገብና የናሙና ሳጥኖቹ ፎቶ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ የሚተኛበትን ሕንፃ የአፈር ሪፖርት ልይ ቢል አይከልከል።

ሸበጡ አሁንም ቤቴ ነው፤ ከናሙናዎቼ ጋር ካርቶን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። «ገልብጠህ ሙላው» ተብሎ ግራ የገባው ጀማሪ ባለሙያ ካለ በእናንተ በኩል ያግኘኝ። ሻይ ይዘን እንነጋገራለን፣ የእምቢታውን ደብዳቤም አብሬው እጽፋለሁ።

አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ