ስለምትገዢው የመጥለቂያ ጃኬት፤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወችም። ወንድምሽም ፈተናውን ጨርሶ ቤት ገብቷል።

ይህን በችኮላ የምጽፍልሽ አክስትሽ ትናንት ማታ ከሻርጃ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ከመሥሪያ ቤትሽ ሰው ላይ ያገለገለ ማንሳፈፊያ ጃኬት፣ እናንተ ቢሲዲ የምትሉትን አየር የሚነፋ የጠላቂ ጃኬት፣ በአዲሱ ዋጋ ሲሶ ልትገዢ ነው አለችኝ። ሰውየውን በላክሽው ፎቶግራፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ ትከሻው የበር መቃን ይሞላል። የእሱ ልክ የአንቺ ልክ ሊሆን አይችልም። ባሕር አትግቢ አልልሽም። ኮርሱን ጨርሰሽ የምስክር ወረቀቱን የላክሽልኝ ዕለት ለማንም ሳላሳይ ብቻዬን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር ስሚኝ፦ አየሩን በአንድ እጅሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ወዲያው ማስወጣት የማትችዪበትን ጃኬት አትግዢ። በነጻ ቢሰጥሽም አትቀበይው።

ሻጭ ሁሉ የሚነግርሽ ጃኬቱ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ነው። በፉጃይራ ዓይነት ሞቃት ባሕር፣ በቀጭን ልብስና በአንድ ሲሊንደር ለምትጠልቅ እንዳንቺ ያለች ቀጭን ልጅ ከ12 እስከ 15 ኪሎ የማንሳት ኃይል ይበቃል። በኒውተን ከተጻፈ 150 ማለት ወደ 15 ኪሎ ነው፤ በፓውንድ ከሆነ 33 ገደማ። ስለዚህ 25 ኪሎ ያነሳል ብሎ ቢያሞግስልሽ አትደነቂ። ትልቅ ከረጢት ብዙ አየር ይይዛል፤ ብዙ አየር ደግሞ መውጫሽ ላይ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ኮርሱ ላይ እንደተማርሽው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልድገመው። አሥር ሜትር ላይ አንድ ሊትር የነበረ አየር ከውሃው በላይ ሲደርስ ሁለት ሊትር ይሆናል። ከ30 ሜትር የተነሳው አራት ሊትር ይሆናል። ሲሰፋ ያነሳሻል፣ ሲያነሳሽ ይበልጥ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበልጥ ያፈጥንሻል። ሰው ጥልቁን ይፈራል፤ እኔ ግን የምፈራልሽ የመጨረሻዎቹን አሥር ሜትሮች ነው፤ አየሩ እጥፍ የሚሆነው እዚያ ነውና። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጪ፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሚ ያሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አየሩን ካላስወጣሽ መቆሚያውንም ፍጥነቱንም የሚወስንልሽ ጃኬቱ ነው።

ሳሎን ባለው ፎቶግራፍ ላይ ከእኔ በስተግራ የቆመውን ሰው ታውቂዋለሽ። ልጆች ሳላችሁ “ይሄ ማነው?” ስትሉኝ “የሥራ ባልደረባዬ ነው” ብዬ አልፍ ነበር። ምጽዋ በጠላቂነት ስንሠራ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነን ነበር የምንጠልቀው፤ እሱ ሲወርድ እኔ እወርዳለሁ፣ እኔ ስወጣ እሱ ይወጣል። ያን ጊዜ የነበረን ጃኬት በአንገት የሚጠልቅና ደረት ላይ የሚያርፍ ዓይነት ነው። አየሩን ለማስወጣት ቱቦውን ከራስ በላይ ከፍ አድርጎ ቁልፉን መጫን ነበረብን፤ ሌላ መንገድ አልነበረም።

አንድ ቀን ከወደቡ ውጪ፣ ወደ ዳህላክ በኩል፣ የተቆረጠ መልሕቅ ስንፈልግ ዋልን። ስንጨርስ እሱ ቀድሞኝ ተነሳ። ትንሽ እንደወጣ ፍጥነቱ አላማረኝም፤ ቀና ብዬ ሳይ ግራ እጁ ደረቱን ይደባብሳል፣ ትከሻውን ይደባብሳል፣ እንደገና ደረቱን። ቱቦው ወደ ኋላ ዞሮ በሲሊንደሩና በጀርባው መካከል ተወትፎ ነበር። ቀኝ እጁ የፍለጋ ገመዳችንን ጫፍ ይዟል። አረፋው እያለፈው ይሄድ የነበረ ሰው አረፋውን እየቀደመ ሲሄድ አየሁት። ከሥሩ ሆኜ ማየት እንጂ መያዝ አልቻልኩም።

ጀልባው ላይ ስደርስ ተቀምጦ ይስቃል፤ ሲጋራ አምጡልኝ አለ። ብዙ ሳይቆይ ትከሻዬን አመመኝ አለ። ወደብ ስንደርስ ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ፈጥኖ የወጣ ሰው ገላው ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይጎዳዋል። ሞት አልነካውም፤ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ ሲሄድ አላየሁትም። ከመሞት መሰንበት እያለ እኛኑ ያጽናናን ነበር።

የካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ ተለያየን። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። ብዙ ዓመት ቆይቶ ጎንደር እንዳለ ሰማሁ። ለጥምቀት እሄዳለሁ አልኩ፣ ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱ አልኩ፣ መንገዱ ይረጋጋ አልኩ። በመጨረሻ የደረሰኝ የሞቱ ወሬ ነው፤ እሱም አርባው ካለፈ በኋላ። ሚሚዬ፣ ስለ ባሕር ሳላወራችሁ ያሳደግኋችሁ ለዚህ ነው። አንዱን ጀምሬ ስለ እሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም ነበር። አንቺ ከማንም ሳትሰሚ ባሕሩን ራስሽ ሄደሽ አገኘሽው።

ወደ ጃኬትሽ ልመለስ። ዛሬ የሚሠሩት ብዙ ይሻላሉ። በግራ በኩል የመንፊያው ቱቦ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ቀኝ ትከሻው ጋ በገመድ የሚሳብ መልቀቂያ አለ፤ ከጀርባ ታች ደግሞ ሌላ አንድ አለ። ሦስቱ ለጌጥ አልተሰፉም። አየር ሁልጊዜ ከፍ ወዳለው ቦታ ይሸሻል፤ ቀጥ ብለሽ ከሆንሽ ትከሻ ላይ ነው፣ ወደ ታች ዘቅዝቀሽ ከሆንሽ ወገብሽ ላይ። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ልበሺው፣ ንፊው፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሰው “ቀኝ ትከሻ!” “ጀርባ!” እያለ ይጥራልሽ። እጅሽ መፈለግ ከጀመረ ጃኬቱ ያንቺ አይደለም። የገመዱን ጫፍ ኳስ በጣትሽ ጨብጠሽ እዪው፤ ጓንት አድርገሽም ሞክሪው። ያን ባልደረባዬን የጎዳው ፍለጋ ነው።

ልክ ያልሆነ ጃኬት መልቀቂያዎቹንም ከቦታቸው ያነሳቸዋል። የሰውየው ጃኬት አንቺ ላይ ሲነፋ፣ ያልጠበቀ ኮርቻ ከፈረሱ ሆድ ሥር እንደሚዞር ይዞርብሻል፤ ሲሊንደሩ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የትከሻው ገመድ ከአንገትሽ ኋላ ይገባል። የመጥለቂያ ልብስሽን ለብሰሽ ልኪው። ማሰሪያዎቹን አጥብቂ፤ አንድ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮሽ ድረስ ከመጣ ትልቅ ነው። ከዚያ ትርፉ አየር በራሱ እስኪተነፍስ ድረስ ንፊውና በረጅሙ ተንፍሺ፤ ደረትሽን ከጨመቀ ደግሞ ትንሽ ነው። ለሴት ተብለው የሚሠሩ አሉ፤ ወገባቸው አጠር ያለ፣ የትከሻ ማሰሪያቸው ደረት ሳይጫን ዞሮ የሚወርድ። ቀለሙ አያታልልሽ፣ እሱን ዓይነቱን ጠይቂ።

ጎን ለጎን የሚያቅፈው ይሻላል ወይስ ከረጢቱ ጀርባ ላይ ብቻ ያለው ብለሽ ወንድምሽን ጠይቀሽው ነበር አሉ። እሱ ምን ያውቃል? እኔን ጠይቂኝ። አቃፊው ከውሃው በላይ ሲሆኑ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጀልባ ለመጠበቅ ምቹ ነው፤ ሲነፋ ግን ጎድንሽን ይይዛል። የጀርባው ውሃ ውስጥ አግድም ያስተኛል፣ ደረትም ነጻ ይሆናል፤ ላይ ስትሆኚ ግን ከልክ በላይ ከነፋሽው ፊትሽን ወደ ውሃው ይገፋል፤ ትንሽ አየር ብቻ አድርጎ ወደ ኋላ መንጋለል ይበቃል። እኔ የጀርባውን እመርጥልሻለሁ፤ ማሰሪያው ለቀጭን ሰውነት በቀላሉ ይስተካከላል። ሆኖም ዓይነት አይደለም የሚያስጨንቀኝ። አየሩን ማስወጣት የማትችዪበትን አትግዢ፤ የፈለገው ዓይነት ይሁን።

ያገለገለ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ማታ ሙሉ በሙሉ ነፍተሽ አስቀምጪው፤ ጠዋት ከላላ ያፈሳል። አንድ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ በመንፊያው አስገቢና እያገላበጥሽ አናውጪው፣ ከዚያ በነጭ ሳህን ላይ አፍስሺው። ጨውና አሸዋ ከወጣ ባለቤቱ ውስጡን አጥቦ አያውቅም ማለት ነው፤ ያልታጠበ ጨው አየር በሚያስገባውና በሚያስወጣው ቫልቭ ላይ ይደርቃል፤ ቫልቩ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ተከፍቶ ይቀራል። የመንፊያውን ቁልፍ ጫኚና ልቀቂ፤ ሳይዘገይ ይመለስ። አንዳንዴ ተጭኖ ይቀርና ጃኬቱ በራሱ ይነፋል። ያኔ በአንድ እጅ ታስወጫለሽ፣ በሌላው የአየሩን ቱቦ ከመንፊያው ትነቅያለሽ። ይህንን ቤትሽ ሶፋ ላይ ሆነሽ በጨለማ ተለማመጂው። እኔ ይህን ስጽፍ እጄ ራሱ ይነቅላል።

ለመስመጥ የምትታጠቂውን የክብደት እርሳስ አታብዢ። ብዙ እርሳስ የታጠቀ ሰው ለመመጣጠን ብዙ አየር ይነፋል፤ የነፋው ብዙ አየር ነው በኋላ ይዞት የሚበረው። በገንዳ የለካሽው ለባሕር አያገለግልም፤ ጨው ስለሚያንሳፍፍ ጥቂት ኪሎ ትጨምሪያለሽ። የአሉሚኒየም ሲሊንደር ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ከ2 ኪሎ በላይ ይቀላል፤ ስለዚህ ክብደትሽን ጠልቀሽ ስትጨርሺ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ገደማ የአየር ግፊት ሲቀርሽ፣ ጃኬቱን ባዶ አድርገሽ ለኪው። ውሃው ዓይንሽ ጋ ከቆመ ልክ ነው።

ፍልሰታን እየጾምሽ እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ በዚያ የነሐሴ ሙቀት አትጥለቂ። ከሁለት አንዱን ምረጪ፤ ንስሐ አባትሽንም ጠይቂያቸው። ጉንፋን ከያዘሽም አትውረጂ።

ለእንቁጣጣሽ ስትመጪ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅሽበትና የአውሮፕላንሽ ሰዓት ይራራቅ፤ ከፍታ ላይ መውጣትም ከባሕር ፈጥኖ እንደመውጣት ነው። ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይላሉ፤ አንቺ ሙሉ ቀን አድርጊው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ንገሪኝ።

አሁን የሚከተለውን አድርጊ። ለሰውየው ገንዘብ አትስጪ፤ ከሰጠሽም ጃኬቱን ሳትጠልቂበት መልሺለት፣ ልክሽ ለሆነው ጃኬት ልትከፍዪ ያሰብሽው ሳይበቃ ቢቀር የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤ ላሟን ሸጠን የተረፈው አለ። ፉጃይራ የምትጠልቂበት ማዕከል የሚያከራያቸውን በየሳምንቱ እየቀያየርሽ ልበሺ፤ እጅሽ የለመደውን ታውቂዋለሽ። ከዚያ ልትገዢው ያሰብሽውን በፎቶግራፍ ላኪልኝ፤ ከፊትም፣ ከኋላም፣ የቀኝ ትከሻውን መልቀቂያ ደግሞ በቅርብ፤ አየሩን ስታስወጪ ደግሞ ወንድምሽ በስልኩ የሚያየው ቪዲዮ አድርጊልኝ። የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ይነሳል፤ በርበሬና ሽሮ አሲዘነዋል፤ ሻርጃ ሄደሽ ተቀበዪው፣ ሙቀት ላይ አይደር።

አባትሽ